አምባ፣ ዖና፣ ውቅር

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1906 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በኤኖ ሊትማን የሚመራው የጀርመን የጥናት ቡድን አክሱም ገብቶ ሐውልቶቹን ሲለካ፣ ሲነድፍና ፎቶግራፍ ሲያነሣ፣ ከድንጋዩ ገጽ ላይ በረድፍ በረድፍ ብቅ ብቅ ያሉ ክብ ጉጦች ተመለከተ። የአገሩ ሰው ለእነዚህ ጉጦች ስም አለው። በትግርኛ «ርእሰ ህበይ»፣ በአማርኛ «የዝንጀሮ ራስ» ይላቸዋል። ዛሬ የአክሱምን ሥነ ሕንፃ የሚያጠኑ ሊቃውንት ሁሉ ጀርመንኛ ይጻፉ እንግሊዝኛ፣ ይህንኑ ስም ወደ ቋንቋቸው መልሰው ይሠሩበታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ለጆሮ ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን የግንበኛ ቃል ነው። የአክሱም ግንበኛ ድንጋይን በጭቃ እያያያዘ ግድግዳውን ሲያቆም፣ እንዳይሰነጠቅ በየመካከሉ አግዳሚ ግንድ ያስተኛል፤ ግንዶቹንም ግድግዳውን አቋርጠው በሚያልፉ አጫጭር እንጨቶች ይቀረቅራቸዋል። ወደ ውጭ የሚቀረው የአጫጭሮቹ እንጨቶች ጫፍ ነው የዝንጀሮ ራስ የተባለው። ሐውልት ጠራቢው ይህንኑ የእንጨት ሥራ ከበሩና ከመስኮቱ ጋር አንድ ወጥ በሆነ ድንጋይ ላይ ቀረጸው። በአክሱም ቤተ መንግሥቶች የነበረው እንጨት ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በደብረ ዳሞ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያንና ከላሊበላ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በዋሻ ውስጥ በተሠራው በይምርሐነ ክርስቶስ ግን እስከ ዛሬ በሥፍራው አለ። እንግዲህ ሦስቱን ማለትም የአክሱምን ሐውልት፣ የተራራውን ገዳምና የዋሻውን ቤተ ክርስቲያን በአንድ የእጅ ጥበብ ሐረግ የሚያያይዛቸው ግንበኞች ያወጡት ይህ ስም ነው።

በተራራ አገር ጥንታዊ ሥፍራ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ካርታና መለኪያ ገመድ ይዞ ይወጣል። ካርታው የማያውቀውን የሚያውቁት ግን የባላገሩ ቃላት ናቸው። ይህን ሳይጠይቅ የወጣ ተመራማሪ፣ የፈለገው መሠረት ላይ ቆሞ መሠረቱ ወዴት ነው እያለ ሊጠይቅ ይችላል።

አምባን እንመልከት። በመልክዓ ምድር ፍቺው አምባ ማለት ዙሪያው ገደል፣ ራሱ ሜዳ የሆነ ተራራ ነው። የታሪክ ፍቺው ከዚህ ይሰፋል። ገደሉ ያለ ግንበኛ የቆመ ቅጥር ነው፤ መውጫው አንድ ወይም ሁለት «በር» ብቻ ነው፤ አናቱ ላይ ውሃና የሚታረስ መሬት ካለ ብዙ ሰው ለብዙ ዘመን ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ አምባ መሸሸጊያም፣ ግምጃ ቤትም፣ ግዞትም ሆኖ አገልግሏል። የነገሥታት ልጆች ለዘውድ እንዳይሻሙ በግሸን አምባ ተጠብቀው ኖረዋል። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ለዚሁ ተግባር የዋለው በበጌምድር የሚገኘው አምባ ወህኒ ነበር፤ ዛሬ የእስረኛ ቤት ሁሉ ወህኒ የሚባለውም ከዚሁ ተራራ ስም የተነሣ እንደ ሆነ ይነገራል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1868 የመጨረሻውን ቀን የዋሉበት መቅደላም አምባ ነው፤ በጋፋት ተሠርቶ በስንት ሺሕ ክንድ ተጎትቶ የወጣው ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ እዚያው ይገኛል። በአምባ ላይ ፍርስራሽ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ታዲያ «በሩ የት ነው?» ብሎ ነው። የጥበቃ ካብ፣ የዘብ ቤት መሠረት፣ በእግር ብዛት የለሰለሰ የድንጋይ ደረጃ የሚገኘው በዚያ ነው።

ሁለት የቤተ ክህነት ቃላትም ከዚሁ ከተራራው የወጡ ናቸው። ደብር በግዕዝ ተራራ ነው። ገዳምም ሰው ያልሰፈረበት፣ ያልታረሰ ዱር ነው። ዛሬ ደብር ሲባል የከተማው ሰው የሚታየው ደወልና የሰንበት ጉባኤ ነው፤ ቃሉ ግን በሥሩ አሁንም ሽቅብ ያስወጣል። ደብረ ዳሞ ስሙን አልካደም። ወደ ላይ የሚያደርሰው መንገድ ሳይሆን 15 ሜትር ያህል ገደል ላይ የተንጠለጠለ የጠፍር ገመድ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው አቡነ አረጋዊ የወጡት በዘንዶ ጅራት ተስበው ነው። ገመዱን አንድ ጊዜ ከታች ሆኖ ያየ ሰው ዘንዶው ከየት እንደ መጣ ለመገመት ብዙም አይቸገርም።

ወደ ፍርስራሹ ራሱ ስንመጣ አማርኛ ድሀ አይደለም፤ ድሀ ያደረጉት የዘመናችን ጸሐፊዎች ናቸው። በትምህርት መጻሕፍትና በቱሪስት መምሪያዎች የወደቀ ነገር ሁሉ «ፍርስራሽ» ተብሎ ይታለፋል። ፍርስራሽ ስለ ሕንፃው የሚናገር ቃል ነው፤ የቆመው መውደቁን ይገልጻል። ወና ደግሞ ስለ ሰው ይናገራል። ጣራው ሳይነካ፣ በሩ ሳይሰበር፣ ሰው የለቀቀው ቤት ወና ነው። በድምፅም በፍቺም የሚቀርበው የትግርኛው ዖና ሁለቱን አንድ ላይ ይይዛል፤ ሰው ኖሮበት የለቀቀውና የፈረሰ መንደር ዖና ይባላል። ይህ ቃል ለአርኪዮሎጂ ያደረገው አገልግሎት በቀላሉ የሚገመት አይደለም። ከአክሱም በላይ ባለው በቤተ ጊዮርጊስ ኮረብታ ላይ፣ ከ1993 እስከ 2003 የኔፕልስና የቦስተን ዩኒቨርሲቲዎች ባለሙያዎች ያካሄዱት ቁፋሮ ያተኮረባቸው ዋና ዋና ቦታዎች «ዖና እንዳ አቦይ ዘውገ» እና «ዖና ነጋስት» የሚባሉ ነበሩ። የኋለኛው ስም የነገሥታት ፍርስራሽ ማለት ነው። ቁፋሮውም ከአክሱም መንግሥት መነሻ በፊት ጀምሮ የታላላቅ ሰዎች መኖሪያ የነበረ ሥፍራ መሆኑን አሳየ። ጽሑፍ ያላቆየውን ነገር አንድ የመሬት ስም ተሸክሞት ቆይቷል።

በየሓም እንዲሁ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዘመን ገደማ የተሠራው ታላቁ ቤተ ጣዖት ያለ ማያያዣ በተደራረበ ጥርብ ድንጋይ እስከ 14 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንደ ቆመ ነው። ለእሱ ጠቋሚ አያስፈልገውም። ከእሱ ራቅ ብሎ ያለው፣ በዕድሜ የማያንሰው ታላቅ ሕንፃ ግን የሚጠራው «ግራት በዓል ገብሪ» ተብሎ ነው። ግራት በትግርኛ እርሻ ነው። የቤተ መንግሥት ስም ጠፍቶ የማሳ ስም ቀረ ማለት ነው፤ ማረሻው ከድንጋይ ጋር የሚጋጭበትን ቦታ አስቀድሞ የሚያውቅም ገበሬው እንጂ ሌላ አይደለም።

የግንበኛውና የጠራቢው ቃላት ዘመንን ጭምር ይለያሉ። ካብ ያለ ማያያዣ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የሚደረደር ነው። ግንብ ማያያዣ ይፈልጋል። በአክሱም ማያያዣው ጭቃ ነው፤ በጎንደር ነገሥታት ግንቦች ኖራ ነው። እርከን በተራራ ገበሬ ዘንድ የእርሻ መደብ ነው፤ የአክሱም ግድግዳ ወደ ላይ ከፍ ባለ ቁጥር ደረጃ በደረጃ ወደ ውስጥ ሲሸሽ ለዚያ ቅርጽ ከእርከን የተሻለ ስም የሚገኝለት አይመስልም። የሸክላ ስባሪ ገል ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት እሳት ይጫጫርበት የነበረው ይኸው ገል፣ ዛሬ የቆፋሪው ዋና የዘመን መለኪያ ሆኗል።

ከእነዚህ ሁሉ ግን እንደ ውቅር የሚያኮራ የለም። በግዕዝ ወቀረ ማለት ጠረበ፣ ፈለፈለ ማለት ነው። ግንበኛ እየጨመረ ይሠራል፤ ወቃሪ እየቀነሰ ይሠራል። በግንብ ሥራ የተሳሳተ ድንጋይ ይነሣና ሌላ ይተካል። በቤተ ጊዮርጊስ ዐምድ ላይ በስሕተት ያረፈ መሮ መመለሻ የለውም። ጣራው ከመሠረቱ በፊት ያልቃል። ስለዚህ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት «ተገነቡ» እየተባለ በየጽሑፉ ሲነበብ፣ ስሕተቱ የሰዋስው ብቻ አይደለም፤ የሠራተኞቹን ድፍረት ይደብቃል። በትግራይ የውቅሮ ከተማ ስሟን ያገኘችው በዚሁ ሥራ ነው፤ ውቅር ቤተ ክርስቲያኗም እስከ ዛሬ በዚያው አለች።

እርግጥ ነው፣ የሕዝብ ስም ሁሉ እውነት አይናገርም። ከአክሱም በስተ ምዕራብ ያለው ዱንጉር በተለምዶ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት ይባላል። ፍራንሲስ አንፍሬ በ1960ዎቹ ሲቆፍረው የተገኘው ሕንፃ ግን ንግሥቲቱ ኖረችበት ከሚባለው ዘመን ሺሕ አምስት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ የተሠራ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው የሐውልት ሜዳ በዮዲት ጉዲት ስም ይጠራል፤ ሐውልቶቹ እሷ ተነሣች ከሚባልበት ከ10ኛው መቶ ዘመን በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማሉ። በውቅሮ አቅራቢያ በ2007 የተገኘው የአልመቃህ መሥዋዕት ሥፍራም «መቃብር ጋዕዋ» ይባላል፤ ጋዕዋ ግን የ16ኛው መቶ ዘመን የግራኝ ጦርነት ትዝታ ናት። ታዲያ እነዚህን ስሞች አውጥቶ መጣል ይገባል? አይገባም። ዘመኑን ቢስቱም ሕዝቡ ምን እንዳልረሳ ይናገራሉ። ሁለት የጥፋት ዘመናት፣ የዮዲትና የግራኝ፣ በሚያስታውሰው ሰው ልብ ውስጥ የወደቀ ድንጋይን ሁሉ ወደ ራሳቸው ስበዋል። ይህም የራሱ ታሪክ ያለው ጉዳይ ነው፤ ቆፋሪው ያገኘው ዕድሜ ከስሙ ጎን ይጻፍ እንጂ ስሙን አይፋቅ።

የሚያሳስበው ስሞቹ መሳሳታቸው ሳይሆን መጥፋታቸው ነው። የፍርስራሽ ድንጋይ ተነቅሎ ለቤት መሥሪያና ለማሳ አጥር ሲውል ቢያንስ ድንጋዩ ከመንደሩ አይርቅም። የማሳ ስም ግን አሮጌው ባለ ማሳ ሲሞት፣ ልጁም ከተማ ሲገባ፣ አብሮ ይቀበራል። የገጠር መምህራን ተማሪዎቻቸውን የየአባቶቻቸውን ማሳ፣ የየገደሉንና የየበሩን ስም ጠይቀው በደብተር እንዲያሰፍሩ ቢያዝዙ፣ በአንድ የትምህርት ዘመን ብዙ የጥናት ቡድን የማይሰበስበው መዝገብ በተገኘ ነበር።

ከየሓ ብዙም ሳይርቅ በዕዳጋ ረቡዕ አቅራቢያ 25 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ኮረብታ ይገኛል። የአካባቢው ነዋሪዎች ኮረብታው ተራ ኮረብታ እንዳልሆነ ይናገሩ ነበር። በ2009 ወደዚያ የደረሱት ተመራማሪዎች ይህን ሰምተው ከ2011 እስከ 2016 ቆፈሩ። ከአፈሩ በታች ከየሓ ዘመን ጀምሮ እስከ አክሱም መንግሥት ማብቂያ የተኖረበት ከተማ፣ በውስጡም በ4ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ባዚሊካ ተገኘ፤ ውጤቱም በ2019 ታተመ። ቦታው የተመዘገበበት ስም «ቤተ ሰማዕቲ» ነው። በትግርኛ የአድማጮች ቤት ማለት ነው።