አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ነዳጅ ለምን ይበላል? በዋግ ኽምራ መንገድ ለሚነዱ

“መኪናዬ ናፍጣ ትበላለች” የማይል የፒካፕ ባለቤት ማግኘት ይከብዳል። በሰቆጣ፣ በጽጽቃና በዙሪያዋ ላይ ታች የሚሉት ፒካፖች ብዙዎቹ ዕድሜ የጠገቡ ናቸው፤ ቱ ኤል፣ ስሪ ኤል፣ ፋይቭ ኤል የሚባሉት የቶዮታ ሞተሮች ዛሬም እህል፣ መድኃኒትና ሰው ያመላልሳሉ። በቀላሉ አይሞቱም፣ መለዋወጫቸውም አይጠፋም። ችግሩ የናፍጣው ወጪ ነው።

በአዲስ አበባ ከሰኔ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ሊትር ናፍጣ 49 ብር ከ02 ሳንቲም ነበር። ከታህሳስ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ገባ። በሁለት ዓመት ተኩል እጥፍ ማለት ነው። ሰቆጣ ሲደርስ ደግሞ የማጓጓዣው ይጨመራል፤ ከጥቁር ገበያ በጀሪካን የሚገዛ ሰውማ ሂሳቡን ራሱ ያውቀዋል።

እስቲ እናስላው። በወር 3,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ፒካፕ በሊትር 7 ኪሎ ሜትር ከሄደ 429 ሊትር ያህል ይፈጃል። በሊትር 9 ቢሄድ 333 ሊትር ይበቃዋል። ልዩነቱ 95 ሊትር፣ በዚያው ዋጋ ወደ 9,400 ብር ነው። ይህ ብር ታዲያ የሚጠፋው የት ነው?

1. መጀመሪያ ለኩ
በግምት “ትበላለች” ማለት አይሠራም። ታንከሩን ሙሉ አስሞሉ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፉ፣ እንደተለመደው ንዱ፣ ከዚያ እንደገና ሙሉ አስሞሉ። የሄዳችሁበትን ኪሎ ሜትር በሁለተኛው ጊዜ በገባው ሊትር አካፍሉ። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሙት፤ ጭነትና መንገድ ስለሚለያይ አንዱ ብቻ ያታልላል። ቆጣሪው የማይሠራ ከሆነ ርቀቱ በሚታወቅ መንገድ ለኩ።

2. ጥቁር ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው
ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር የሚስበው አየር ሲያንስ የድሮ ፓምፕ ግን ናፍጣውን አይቀንስም። የተረፈው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ዳገት ላይ አቅም አነሰኝ ብሎ የፓምፑን ቪቴ ማስከፈት ጭስ መግዛት ነው። ዳገት ላይ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ከመርገጥ በጊዜ ማርሽ መቀነስ ይሻላል። ጭሱ በሜዳም የማይለቅ ከሆነ ኖዝሉንና ፓምፑን የመፈተሻ ማሽን ያለው ባለሙያ ይመልከተው።

3. የአየር ፊልትሮ
የዋግ መንገድ አቧራ ነው። የታፈነ ፊልትሮ ቀድሞውንም የሳሳውን አየር ይባስ ይቀንሰዋል። በጠጠር መንገድ የሚውል መኪና በየሳምንቱ ቢታይ አይበዛበትም። በአየር ስታስነፉት ከውስጥ ወደ ውጭ ይሁን። የተቀደደ ከሆነ ግን ጣሉት፤ አቧራው ሞተሩን ይፈጨዋል።

4. ጎማና ፍሬን
ንፋሱ ያነሰ ጎማ መኪናውን ይጎትታል። ትክክለኛው ልክ ብዙ ጊዜ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። ጎሚስታ ጋ ስትለኩ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ይሁን። ወደ ተከዜ ቆላ ስትወርዱ በሙቀት የጨመረውን ንፋስ አታስተንፍሱ፤ ሲቀዘቅዝ ያንሳል። ከጉዞ በኋላ ደግሞ ቸርኬዎቹን በጥንቃቄ በእጅ ጠጋ ብላችሁ እዩ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው።

5. ቴርሞስታት
“እንዳይሞቅ” ተብሎ ቴርሞስታቱ ተነቅሎ የተጣለበት መኪና ብዙ ነው። በቀዝቃዛ ደጋ ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት ሳያገኝ ይሠራል፤ ናፍጣም ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። የሚሞቅ ከሆነ ራዲያተሩ ይጸዳ እንጂ ቴርሞስታቱ አይነቀል።

6. ፎር ዊል
ጭቃና አሸዋ ካለፋችሁ በኋላ ፎር ዊሉን አውጡት። የፊት ጎማው በእጅ የሚቆለፍ ከሆነም ፍቱት። ደረቅ አስፋልት ላይ በፎር ዊል መሄድ ናፍጣም ጎማም ካምቢዮም ይበላል።

7. የጀሪካን ናፍጣ
ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ፓምፑን አያለሰልስም፤ ፓምፑ ውስጡን ይበላል። ውኃ የገባበት ደግሞ ኖዝል ያበላሻል። የግድ ከጀሪካን የምትሞሉ ከሆነ አታናውጡት፣ ይርጋ፣ ከላይ ያለውን በንጹሕ ጨርቅ አጥልላችሁ ሙሉ፣ የታችኛውን ተዉት። ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለውን ውኃ ማፍሰሻም አትርሱ። ጀሪካኑ ሰው በሚተኛበትና እሳት ባለበት ቤት አይቀመጥ።

8. ቁልቁለት ላይ ፎሌ፦ ይህን አደራ
“ናፍጣ ለመቆጠብ” ተብሎ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ፎሌ አድርጎ መልቀቅ የተለመደ ነው። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ማርሽ ገብቶ፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ተነስቶ ሲወረድ መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ቁልቁለቱ ራሱ ስለሆነ ፓምፑ ናፍጣውን ይዘጋዋል። ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ መጠጣቱን ይቀጥላል። ማለትም ፎሌ ምንም አይቆጥብም። በዚያ ላይ መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ይሆናል፤ ፍሬን ደግሞ በረጅም ቁልቁለት ይግላል፣ ሲግል አይዝም። ከኋላ የተሳፈረ ሰው ካለ ነገሩ የናፍጣ ሂሳብ አይደለም። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ የሚለው የድሮ ሾፌሮች ምክር ዛሬም ልክ ነው።

ቁምነገሩ፦ ሱቅ ላይ “ናፍጣ ይቆጥባል” ተብሎ የሚሸጥ ጠርሙስ ከመግዛታችሁ በፊት ፊልትሮውን፣ ጎማውንና ኖዝሉን እዩ። አብዛኛው ብር የሚፈሰው እዚያ ነው።

መረጃው ለሚጠቅመው ሾፌር አጋሩት። መልካም መንገድ!