የቡልጋዋ እመቤት፣ የጓንጉቷ እናት

ዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. ነገሠ። ከሰማይ ብርሃን ወረደ በተባለበት ስፍራ ቤተ ክርስቲያን አነጸ፤ ቦታውንም ደብረ ብርሃን ብሎ ከተመበት፤ እስኪያርፍም መናገሻው አደረጋት። በዚያ ዘመን ሴት ተሹማ ማየት ብርቅ አልነበረም። ንጉሡ ሴት ልጆቹን በየአገሩ ላይ ሾመ፤ ሸዋም ለአንዷ ደረሰች። ኋላ ግን ጣዖት አመለኩ ተብለው ተከሰሱና ያው የሾማቸው አባታቸው በጅራፍ አስገረፋቸው።

የዚህ ታሪክ ባለቤት ግን ከንጉሥ ቤት አልወጣችም። ከደብረ ብርሃን በስተደቡብ፣ የከሰም ወንዝ ገደሉን ሰንጥቆ ወደ አዋሽ በሚወርድበት በቡልጋ፣ ቅዱስ ጌየ በሚባል ቦታ በዚሁ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖረች ባለጸጋ እመቤት ናት። ስሟ ክርስቶስ ሠምራ። ለሠምረ ጊዮርጊስ ተድራ 11 ልጆች ወለደች። ገረዱም ሎሌውም በቤቷ ሞልቶ ነበር።

አንድ ቀን ከገረዶቿ አንዷ አልታዘዝ አለቻት። እመቤቲቱም ተቆጣች፤ ከምድጃው የሚነድ ትንታግ መዝዛ በጉሮሮዋ ከተተችባት። ገረዲቱ ሞተች።

ገድላት የቅዱሳኑን ነገር ሲጀምሩ በማኅፀን ሳሉ ስለ መመረጣቸው፣ ረቡዕና ዓርብ ጡት አንጠባም ስለ ማለታቸው ማውራት ይወዳሉ። የዚህችኛዋ ገድል ግን ወጥ ቤት ውስጥ የተፈጸመውን ግድያ አልሸሸገም። ክርስቶስ ሠምራ ደነገጠች፤ «ይህችን ነፍስ ብትመልስልኝ ዓለምን እተዋለሁ» ብላ ተሳለች። ገረዲቱም ተነሣች ይላል ገድሉ። እመቤቲቱ ስለቷን አላስቀረችም። ባሏን፣ ቤቷን፣ ልጆቿንም ትታ፣ ሕፃኗን ብቻ አዝላ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄደች።

ደብረ ሊባኖስ የአገሯ ሰው የቡልጋው ተክለ ሃይማኖት ያቀኑት ገዳም ነው። ነገር ግን መነኮሳይያት ባሉበት ሕፃን ይዞ መግባት አይፈቀድም ነበርና ልጁ በር ላይ ቀረ። ቅዱስ ሚካኤል ወሰደው ተብሎ ተጽፏል። እናትነቷን ያን ጊዜ በዚያ በር ላይ እንዴት እንደ ፈታችው የሚያስብ አንባቢ ንባቡን ለአፍታ ማቆሙ አይቀርም።

ከዚያ ወደ ጣና ወረደች። 12 ዓመት በባሕሩ ውስጥ ቆማ ጸለየች። ሥጋዋ አልቆ ዓሣዎች በጎኗ እስኪያልፉ ድረስ ቆመች ይባላል፤ ሠዓሊዎችም ከውኃው መካከል፣ ዓሣዎች በገላዋ ሲሹለከለኩ አድርገው ይሥሏታል። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ቆመው ሲጸልዩ እግራቸው ተቆርጧል ይባላል። ቡልጋ መቆም የሚያውቅ አገር ሳይሆን አይቀርም።

ይበልጥ የሚያስገርመው ግን የለመነችው ነገር ነው። ሳጥናኤል ይማርልኝ ብላ ጸለየች፤ እርሱ ከታረቀ የአዳም ልጆች በማን ይስታሉ ብላ። ሚካኤል ወደ ሲኦል አደረሳት፤ ዲያብሎስ ግን ዕርቁን ናቀ፣ እርሷንም ወደ ጥልቁ ጎትቶ አስገባት። መልአኩ በሰይፉ አስጣላት። ባዶ እጇንም አልተመለሰችም፤ ብዙ ነፍሳትን ይዛ ወጣች። አንዲት ነፍስ አጥፍታ የምሕረትን ዋጋ ያወቀች ሴት ናትና ይህን ለምን እንደ ለመነች ይገባል።

በጣና ዳር በጓንጉት ገደመች፤ የገዳሙም እናት ሆነች። ከእርሷ በኋላ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወለተ ጴጥሮስ የዓፄ ሱስንዮስን ካቶሊክነት ተቃውማ ማኅበር መርታለች። ገድል የተጻፈላቸው ኢትዮጵያውያት ሴቶች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የክርስቶስ ሠምራን ገድል ከብዙዎቹ የሚለየው አብዛኛው ትረካ ከራሷ አፍ መውጣቱ ነው፤ እርሷ ተናገረች፣ ፊልጶስ የሚባል ሰው ጻፈ።

የገድሉን ግእዝ ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1956 እ.ኤ.አ. ከኢጣሊያንኛ ትርጉም ጋር አሳተመው። ቼሩሊ ሊቅ ነበር፤ በወረራው ዘመንም በኢትዮጵያ የኢጣሊያ ባለሥልጣን ሆኖ ሠርቷል። ክርስቶስ ሠምራ በገባችበት በደብረ ሊባኖስ በግንቦት 1929 ዓ.ም. መነኮሳቱን በእንደራሴው በግራዚያኒ ትእዛዝ የፈጁት የዚያው መንግሥት ወታደሮች ናቸው።

የክርስቶስ ሠምራ ዕረፍት ነሐሴ 24 ይታሰባል። የተክለ ሃይማኖትም ዕረፍት ያው ነሐሴ 24 ነው። ፍልሰታ ተፈትቶ ሳምንት አልፎታል፤ ክረምቱ ግን ገና አልወጣም፣ ከሰምም አልጎደለም። የቡልጋ ሰው በዚያ ጭቃ የሁለቱንም ልጆቹን በዓል በአንድ ቀን ያከብራል።