ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ፤ የቢቸናና የሞጣ ጣራ ታሪክ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚሄድ መንገደኛ በበጋ ቀትር ላይ መንደሮቹን ከሩቅ የሚለያቸው በቆርቆሮ ብልጭታ ነው። ኮረብታው ላይ የሚያበራው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዝቅ ብሎ የሚያበራው ትምህርት ቤት ነው፤ በባሕር ዛፉ መካከል የሚያበሩት የገበሬው መኖሪያ ቤቶች ናቸው። ጠጋ ብሎ ሲመለከት ግን ከብልጭታው አጠገብ ዝናምና ፀሐይ ያጠቆራቸውን የሣር ጎጆዎች ያያል፤ ከእነርሱም አንዳንዱ ማድ ቤት፥ አንዳንዱ የከብት ማደሪያ፥ አንዳንዱም የድኻ መኖሪያ ሆኖ ቀርቷል። የሚያበራው ጣራና የጠቆረው ጣራ ጎን ለጎን መቆማቸው የአንድ ረጅም ታሪክ ምልክት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው የምሥራቅ ጎጃም ሰው ከሁለቱ አንዱን ሲመርጥ በእርግጥ የመረጠው ምን እንደ ሆነ ነው።

ጥያቄው ያለፈ ነገር ብቻ አይደለም። ዛሬ በከተማዎቹ ሱቆች ያልተቀባው ነጭ ቆርቆሮና በጥቁር ቀይ፥ በአረንጓዴ ወይም በሰማያዊ ቀለም የተቀባው አብረው ይሸጣሉ። አገሩ ብርድ ነውና ፀሐይን የሚስበው ጠቆር ያለው ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ቀትሩ ይከብዳልና ብርሃኑን የሚመልሰው ነጩ ይሻላል የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገኖች ክርክራቸውን በቀለም ላይ ይመሠርታሉ። የእኔ አሳብ ግን በዚህ አገር ቀለም ሁለተኛ ነገር ነው፤ አንደኛው የክዳኑ ውፍረት ነው የሚል ነው። ይህንንም ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የጣራው ታሪክ ራሱ ነው።

ቢቸና ከጮቄ ተራራ በስተምሥራቅ፥ ሞጣ በስተሰሜን ሲገኙ፥ ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። ጮቄ ራሱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናሙ አይለይም፤ በረዶም ይቀላቀለዋል። በበጋ ደግሞ ሰማዩ ስለሚጠራ አየሩም ስስ ስለ ሆነ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፥ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ከፍ ባለው ደጋ ውርጭ ይወርዳል። እንግዲህ በዚህ አገር ጣራ የሚፈተነው በሦስት ነገር ነው፤ በክረምት ውሃ፥ በቀትር ፀሐይ፥ በሌሊት ቁር።

የቀደመው ቤት ለሦስቱም መልስ ነበረው። ጎጆው ክብ ነው፤ ከመካከሉ ምሰሶ ይቆማል፥ ግድግዳው በማገር ታስሮ በጭድ ጭቃ ይመረጋል፥ ጣራው ውሃ እንዳይቆምበት ሾጠጥ ብሎ ይወጣል። ክዳኑ ሰንበሌጥ፥ የስንዴ ወይም የገብስ አገዳ፥ በከፍተኛውም ደጋ ጓሳ ነው። በሚገባ የተከደነ ጣራ ውፍረቱ ስንዝር ይሞላል፤ በአገዳውና በአገዳው መካከል የታሰረው አየር ቀን የፀሐዩን ሙቀት ከውጭ፥ ሌሊት የምድጃውን ሙቀት ከውስጥ ይይዛል። ጣራውን ከውስጥ ያጠቆረው ጢሱ ነው። ያ ጥቀርሻ ለእንግዳ ዓይን እድፍ ቢመስልም የክዳኑ መድኀኒት ነበር፤ ጢሱ ሣሩን ያደርቀዋል፥ ነፍሳትንም ያርቅለታል። እሳት የማይነድበት ሣር ቤት ቶሎ የሚበሰብሰው ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ጣራውን ያኖረው ጢስ የእናቶችን ዓይን ያስለቅስ፥ የሕፃናትን ሳንባ ይጎዳ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም።

የሣር ጣራ ያለ ገንዘብ ቢሠራም ያለ ዋጋ የሚሠራ አልነበረም። ዋጋው ሣር የሚበቅልበት ያልታረሰ መሬትና በደቦ የሚሰበሰብ የሰው ጕልበት ነበር። ሁለቱም የሚገኙት ማኅበረሰቡ በስምምነት ሲጠብቃቸው ነው። ለዚህ ከጎጃም ውጭ የታወቀ ምስክር በሰሜን ሸዋ አለ። የመንዝ ሰዎች የጓሳውን ሜዳ ቄሮ በተባለ ሥርዐት ይጠብቁት ነበር፤ ሣሩ ለዓመታት ተከልክሎ ይቆይና በተወሰነው ቀን ተከፍቶ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ሲወጣና የቀድሞው የመሬት ሥርዐት ሲፈርስ ቄሮም ኀይሉን አጣ፤ ሜዳውም ተጎዳ። ከዚህ የምንማረው የሣር ክዳን የገበሬው ብቻ ሳይሆን የአገሩ ሥርዐት ሥራ እንደ ነበረ ነው። ሥርዐቱ ሲላላ ክዳኑም ይሳሳል።

ቆርቆሮ ወደዚህ አገር የደረሰው ዘግይቶ ነው። ብረትን እያጠማዘዙ ለጣራ የማዋል ዘዴ በለንደን በሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር ስም የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1829 ነው፤ ዝገት እንዳይበላው በዚንክ የመለበጡን ዘዴ ደግሞ ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል እ.ኤ.አ. በ1837 አስመዘገበ። በኢትዮጵያ ቆርቆሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ታየ፤ የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ በከተማው በዛ። ጎጃም ግን ከዐባይ ማዶ ነው። ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ የብረት ቅጠል በበቅሎ ጭኖ የዐባይን በረሓ መውረድና መውጣት ለባለጸጋም ቀላል አልነበረም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተጠረገው የደብረ ማርቆስ መንገድና በኋላ በዐባይ ላይ የተሠራው ድልድይ ችግሩን ቢያቃልሉትም ቢቸናና ሞጣ ከዋናው መንገድ የራቁ ስለ ነበሩ ለብዙ ጊዜ በኋለኛው ተርታ ቆዩ።

በገጠሩ በቆርቆሮ ቀድሞ የተከደነው በአብዛኛው ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ይህም የሚገባ ነበር፤ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተሣለው ሥዕል የሚያፈስ ጣራን አይችልም፥ የሣሩንም ክዳን ማደስ ለደብሩ ከባድ ሸክም ነበር። ነገር ግን የጎጃም ቤተ ክርስቲያን ክብ ሲሆን የቆርቆሮ ቅጠል አራት ማዕዘን ነው። ክቡን ጣራ ለመክደን ቅጠሉን ወደ ጫፍ እያጠበቡ መቍረጥ ያስፈልጋል፤ ብዙ ብረት ይባክናል፥ መጋጠሚያውም ይበዛል። ቤተ ክርስቲያን መልኩን መለወጥ ስለማይወድ ይህን ኪሳራ ተቀበለ። በእንደ ዲማ ጊዮርጊስ ባሉ የትምህርት ደብሮች ግን የቆሎ ተማሪው በገዛ እጁ በሠራት ጠባብ የሣር ጎጆ ውስጥ ሲማር ኖረ። የሚያበራው ጣራ የክብር፥ የጠቆረው የትሕትና ምልክት መስሎ በሰው ልብ ከተቀረጸበት ምክንያት አንዱ ይህ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ምክንያት እሳት ነው። በበጋ ነፋስ አንዲት ፍም ጎጆውን ከነጎተራው ልታጠፋው ትችላለች። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዐዋጅ በወጣ ጊዜ የሞጣና የቢቸና ገበሬዎች ግብሩ መሬት ለመለካትና ርስታቸውን ለመንካት የተዘጋጀ ነው ብለው ተነሡ፤ መንግሥትም ጦር ላከ፥ የአየር ኀይል አውሮፕላኖችም መንደሮችን ደበደቡ። በእንደዚህ ያለ ዘመን የሣር ቤት ጠባይ በሁለት ወገን ይታያል። በአንድ ሰዓት ዐመድ ይሆናል፤ ነገር ግን ጎረቤት ከተሰበሰበ እንደ ገና ይቆማል። የዚያን ጊዜ ገበሬ ዋና ሀብቱ ርስቱ ነበርና ለመሬቱ ሲከራከር በቤቱ ላይ ብዙ አላፈሰሰም። የቆርቆሮ ቤት ግን የብዙ ዓመት ጥሪት የሚቆምበት ስለ ሆነ ባለቤቱ ነገ በዚያው ቦታ እንደሚኖር ማመን ይፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ እየተፋጠነ ሄደ። የ1967ቱ ዐዋጅ የርስትን ሥርዐት አስቀረ፤ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደ ገና ተከፋፈለ፤ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይሰጥ ጀመር። ሕዝቡ ሲበዛ የግጦሹ ሜዳ ታረሰ፥ ለክዳን የሚሆነው ሣርና አገዳም ለከብቱ መኖ ተፈለገ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገሩ የገባው ባሕር ዛፍ በአንጻሩ በየጓሮው በዝቶ ቀጥ ያለ ርካሽ እንጨት አቀረበ፤ እንጨቱ ተሽጦም የቆርቆሮ መግዣ ሆነ። ገበሬው እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ለክብነት የሚከፍለው ትርፍ ስላልነበረው ቤቱን ለቆርቆሮው አስማማ፤ ክቡ ጎጆ አራት ማዕዘን ሆነ። ስለዚህ የተለወጠው ጣራው ብቻ አይደለም፤ ምሰሶው ከመካከል ተነሣ፥ ምድጃው ወደ ውጭ ወጣ፥ መኝታውና ጓዳው በግድግዳ ተለዩ።

በዚህ ለውጥ የጠፋው ሙቀት ነው። የብረቱ ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ብረትም ሙቀትን ከደረቅ ሣር በብዙ መቶ እጥፍ ያሳልፋል። ስለዚህ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፥ ሌሊት እንደ ሜዳ ይበርዳል። በረዶ ሲወርድ የሚያሰማው ጩኸት ደግሞ መምህሩን ትምህርቱን አቋርጦ እንዲቆም ያደርገዋል፤ ይህን በቆርቆሮ ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

ቀለም ይህን ጉድለት ይሞላልን? አዲስ ያልተቀባ ቆርቆሮ ከፀሐዩ ብርሃን ብዙውን ይመልሳል፤ የዋጠውን ጥቂት ሙቀት ግን በጨረር መልሶ ለመስጠት ቸልተኛ ስለ ሆነ እርሱም በቀትር ይግላል። ሲያረጅና ሲደበዝዝ ደግሞ የሚውጠው ይበዛል። ጠቆር ባለ ቀለም የተቀባው ብርሃኑን አብዝቶ ይውጣል። ሌሊት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቀለም የተቀባ ጣራ፥ ነጭም ሆነ ጥቁር፥ ሙቀቱን በማይታይ ጨረር ወደ ጠራው ሰማይ ይለቃል፤ ይህም ችሎታው አንድ አካል ሊለቅ ከሚችለው ከፍተኛ መጠን ከመቶ 90 ገደማ ነው። ያልተቀባው አዲስ ቆርቆሮ ከዚህ በጣም ያነሰ ይለቃል። በመሆኑም ጥቁሩ ጣራ የሚሞቀው ቤተ ሰቡ በእርሻ ላይ በዋለበት ሰዓት ነው፤ ሰው ሙቀት በሚሻበት ሌሊት ግን ከአየሩ እንኳ በታች ይቀዘቅዛል፥ የተኙትም ሰዎች እስትንፋስ በብረቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ቀን የተሰበሰበው ሙቀት እስከ ሌሊት የሚቆይበት ስፍራ ስለሌለ ጥቁሩን ለብርድ መድኀኒት ነው ብሎ መግዛት ተስፋን በከንቱ መጣል ነው።

እኔ ራሴ ትምህርቴን ከውጭ ፈጽሜ በተመለስሁ ጊዜ ሕዝቡ የሣር ቤቱን መተዉ ስሕተት መስሎኝ ነበር። በቢቸና አጠገብ ቤታቸውን በቆርቆሮ ያስከደኑ አንዲት ባል የሞተባቸው እናት ይህን አሳቤን በሰሙ ጊዜ ሣሩን ማን ያጭድልኛል፥ ጣራውስ ላይ ማን ይወጣልኛል ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ለእርሳቸው ቆርቆሮ የኩራት ነገር ሳይሆን ክረምት በመጣ ቍጥር የወንድ ጕልበት ከመለመን መዳን ነበር። ብርዱንም ሳያውቁ አልገዙትም፤ አውቀው ነው የገዙት።

እንግዲህ የምሥራቅ ጎጃም ሰው ከጠቆረው ወደሚያበራው ሲያልፍ የገዛው ከእሳት መጠበቅን፥ ከዓመት ዓመት ድካም ማረፍንና በቦታው መጽናትን ነው፤ የከፈለውም የሌሊቱን ሙቀት ነው። ወደ ሣር ተመለስ ማለት ሜዳውንና ደቦውን ሳይመልሱለት የማይቻል ምክር ነው። የሚቻለው ሣሩ ይሰጠው የነበረውን ውፍረት ከቆርቆሮው ሥር መመለስ ነው። በተማርሁበት አገር ብርዱ ከእኛ ይልቅ የጸና ሲሆን ጣራው እንደ እኛው ብዙ ጊዜ ስስ ነው፤ ሙቀቱን የሚይዘው ከሥሩ የሚነጠፈው ወፍራም ሽፋን ነው። በጎጃምም ቀርከሃ አለ፥ ጭድ አለ፥ ጭቃ አለ፤ ቀርከሃውን በጭድ ጭቃ ለስኖ ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ ማድረግ ለአገሩ እጅ ባዕድ ሥራ አይደለም። ይህ ከተደረገ በኋላ ነጩ ይሁን ጥቁሩ የሚለው ክርክር የዓይን ምርጫ ሆኖ ይቀራል፤ ይህ ካልተደረገ ግን በሁለቱም ሥር የሚያድረው ሰው ይበርደዋል።