የከብት መኖና የሜቴን ጋዝ በቀወት

ሜቴን የሚያመሰኩ እንስሳት የበሉት መኖ ሲብላላ በጨጓራቸው ውስጥ የሚፈጠርና በአብዛኛው በግሳት ወደ አየር የሚወጣ ጋዝ ነው። በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን በሚገኘው ቀወት ወረዳ፣ በሸዋ ሮቢት ከተማ ዙሪያና በይፋት ቆላ፣ የማሽላ አገዳና የጤፍ ጭድ ከዋነኞቹ የከብት መኖዎች ይመደባሉ። የእነዚህ መኖዎች ጥራት የከብቱን ምርትም ሆነ የሚያወጣውን ሜቴን ይወስናል።

በጨጓራ ውስጥ

ከብት አገዳን ብቻውን መፍጨት አይችልም። ይህን የሚሠሩለት በጨጓራው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች፣ ፕሮቶዞኣዎችና ፈንገሶች ናቸው። የጨጓራው ሙቀት 39 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን ኦክስጅን የለበትም ማለት ይቻላል። ረቂቅ ተሕዋስያኑ መኖውን አብላልተው አሴቲክ፣ ፕሮፒዮኒክና ቡቲሪክ ወደተባሉ አሲዶች ይለውጡታል፤ ከብቱም አብዛኛውን ጉልበቱን የሚያገኘው ከእነዚህ ነው። ተሕዋስያኑ ራሳቸው ወደ ቀጣዩ የሆድ ክፍል ሲወርዱ ተፈጭተው ፕሮቲን ይሆኑታል።

መኖው ሲብላላ ሃይድሮጅን ይተርፋል። አርኪያ የሚባሉ ተሕዋስያን ይህንን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋህደው ሜቴን ይሠራሉ። ሃይድሮጅኑ ቢጠራቀም መብላላቱ ስለሚዳከም፣ ሜቴን ለጨጓራው ማስተንፈሻ ነው፤ ለአርቢው ግን ኪሳራ ነው። በመኖው ውስጥ ካለው ጠቅላላ ኃይል ከ2 እስከ 12 በመቶ የሚሆነው በዚህ መልክ ይባክናል። ጋዙ በአየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ያህል ቢሆንም፣ በ100 ዓመት ስሌት ሙቀት የማመቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ ይበልጣል።

የአካባቢው መኖ

የጨጓራ ተሕዋስያን በሚገባ እንዲሠሩ መኖው ቢያንስ 7 በመቶ ያህል ፕሮቲን ሊኖረው ይገባል። የደረቀ የማሽላ አገዳና የጤፍ ጭድ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በታች ናቸው። ስለዚህ አገዳው በጨጓራ ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ከብቱም ብዙ መብላት ያቅተዋል። በደረቁ ወራት በዚህ ላይ ብቻ የከረመ በሬ የእርሻ ሥራ በሚበዛበት ጊዜ ከስቶ ይገኛል።

ማሽላ ሲሳሳ የሚነቀለው ለጋ ተክል የተሻለ መኖ ነው። ሆኖም ለጋ ማሽላ፣ በተለይ ድርቅ የመታው፣ ከብት የሚገድል የሳያናይድ መርዝ ሊፈጥር ይችላል።

የማሻሻያ ዘዴዎች

• የጥራጥሬ ተረፈ ምርት፦ እንደ ማሾ ገለባ ያለው ከአገዳ ይልቅ በፕሮቲን የዳበረ በመሆኑ ከአገዳ ጋር ተቀላቅሎ ይሰጣል።
• ፋጉሎ፦ ፕሮቲን ይጨምራል፤ የቀረው ዘይትም ሜቴንን በመጠኑ ይቀንሳል።
• የግራር ፍሬ፦ በውስጡ ያለው ታኒን የሜቴንን መፈጠር ሊገታ ይችላል፤ ሲበዛ ግን የመኖውን መፈጨት ይጎዳል።
• በዩሪያ ማከም፦ ለ100 ኪሎ ጭድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ በውኃ ሟሙቶ ይረጫል፤ አየር እንዳይገባው ተሸፍኖም 3 ሳምንት ያህል ይቆያል። ከመመገቡ በፊት መናፈስ አለበት። ጨጓራቸው ላልዳበረ ጥጆች አይሰጥም፤ የዩሪያ ውኃ የጠጣ ከብት ሊሞት ይችላል።

በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ለወተት ላሞች የተፈቀደው 3-ናይትሮኦክሲፕሮፓኖል የሜቴን መሥሪያውን ኢንዛይም ይገታል። ነገር ግን ከዕለት መኖ ጋር በመጠን መደባለቅ ስላለበት ተሰማርተው ለሚውሉ ከብቶች አይመችም።

ጥቅሙና ገደቡ

መኖዋ የተሻሻለላት ላም ብዙ ስለምትበላ በቀን የምታወጣው ሜቴን ሊጨምር ይችላል። ወተቷ ከዚያ በላይ ስለሚጨምር ግን ለ1 ሊትር ወተት የሚወጣው ይቀንሳል። ጠቅላላው ልቀት የሚቀንሰው ያው ምርት በጥቂት ከብቶች ሲገኝ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣችው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂም የእንስሳትን ምርታማነት ማሳደግን ከዋና መንገዶቹ አንዱ አድርጓል።

ለበሬ ይህ ስሌት አይሠራም። የሚፈለገው ለጉልበቱ ነው፤ ጥማድ ደግሞ 2 በሬ ይጠይቃል። ላምም ብትሆን የክፉ ቀን ቁጠባ በመሆኗ አርቢው የከብቶቹን ቁጥር የሚቀንሰው ስለ ወተት ብቻ አስቦ አይደለም።