ከአሸተን ማርያም እስከ ሄግ፤ የምስለ ችሎት ሙግት ለምን ይጠቅማል?

ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ከዐለት ተፈልፍላ የተሠራችው አሸተን ማርያም ትገኛለች፡፡ አቀበቱን የወጣሁት የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ከሆነችው የእህቴ ልጅ ጋር ነበር፡፡ እኔ ትንፋሽ አጥሮኝ ደጃፉ ላይ ስቀመጥ፣ ቄሱ እንደ ልማዳቸው የቤተ ክርስቲያኗን መስቀል አውጥተው አሳዩን፡፡ ልጅቱ ተሳልማ ስታበቃ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ ‹‹ጋሼ፣ ይህ መስቀል ነገ አውሮፓ ውስጥ ቢገኝ ከሳሹ ማን ነው? የትስ ነው የሚከሰው?›› አለችኝ፡፡

ጥያቄው ከሜዳ የመጣ አይደለም፡፡ ከተራራው ሥር ያለው ቤተ መድኃኔ ዓለም ‹‹አፍሮ አይገባ›› የተባለውን መስቀል በ1997 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ተሰርቆ፣ መስቀሉ ቤልጅየም ተገኝቶ በ2001 ተመልሷል፡፡ የባህል ንብረት ሕገወጥ ዝውውርን የሚከለክለው የ1970ው የዩኔስኮ ስምምነት በወቅቱ ቢኖርም፣ ኢትዮጵያ አባል የሆነችው በ2003፣ ቤልጅየም ደግሞ በ2009 ነው፡፡ ስምምነቱም ቢሆን ዕቃውን በቅን ልቦና ለገዛ ሰው ተገቢ ካሳ እንዲከፈል ይጠይቃል፡፡ ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሳሽ ሊሆን የሚችለው መንግሥት ብቻ እንጂ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፡፡

የሕግ ተማሪ እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚለማመድበት መድረክ ምስለ ችሎት ይባላል፡፡ ከታወቁት አንዱ በ1960 የተጀመረው የጄሰፕ ውድድር ነው፡፡ በምናባዊ አገሮች መካከል የተነሣ ክርክር ይቀርብና ቡድኑ ለከሳሽም ለተከሳሽም የጽሑፍ መከራከሪያ ያዘጋጃል፡፡ ከዚያ በቃል ክርክሩ ለአንድ ቡድን በሚሰጠው 45 ደቂቃ ውስጥ ዳኞቹ በመሐል እያቋረጡ ያፋጥጡታል፡፡ በፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ መብቶች ማዕከል የሚዘጋጀው የአፍሪካ ውድድርም ከ1992 ጀምሮ አለ፡፡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የአገራችን የሕግ ትምህርት ቤቶች በእነዚህ መድረኮች ተወዳድረዋል፡፡ በላ ልበልሃ እያለ ሲሟገት ለኖረ ሕዝብ ሙግት እንግዳ አይደለም፡፡ እንግዳ የሚሆንብን የባላጋራን ወገን ይዞ መሟገቱ ነው፡፡

ይህ ምን ይፈይዳል ለሚል አንድ ታሪክ ላስታውስ፡፡ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ናሚቢያ፣ ጉዳይ ደቡብ አፍሪካን በኅዳር 1960 ሄግ ከሰሱ፡፡ አገራችን የመጀመሪያውን የሕግ ፋኩልቲ የከፈተችው በ1963 ስለነበር፣ ዋናው ተሟጋች አሜሪካዊው ኧርነስት ግሮስ ነበሩ፡፡ ሐምሌ 18 ቀን 1966 የዳኞቹ ድምፅ ሰባት ለሰባት እኩል ተከፈለ፡፡ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ፣ ከሳሾቹ በጉዳዩ የራሳቸው መብት ወይም ጥቅም የላቸውም ተብሎ ክሱ ውድቅ ሆነ፡፡ ባጭሩ፣ ምን አገባችሁ ተባልን፡፡ አፓርታይድ ልክ ነው አይደለም የሚለው ሳይወሰን ቀረ፡፡ ልብ በሉ፤ ውድድሩ በስማቸው የሚጠራው ፊሊፕ ጄሰፕ በዚያ ችሎት ተሰይመው ውሳኔውን አጥብቀው ከተቃወሙት ዳኞች አንዱ ናቸው፡፡

እንግዲህ እውነት መያዝ ብቻውን አይበቃም፡፡ የትኛው ፍርድ ቤት፣ በማን ስም፣ በየትኛው ሕግ የሚሉትን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፡፡ በ1960 የሕግ ትምህርት ቤት አልነበረንም፤ ዛሬ ግን ያ ምክንያት አይሠራም፡፡ ሆኖም የምዝገባና የትኬት ወጪ ሲነሣ ውድድሩን እንደ ሽርሽር የሚቆጥሩ ሰዎች አጋጥመውኛል፡፡ ለሽርሽር ተብሎ የሚከለከለው ገንዘብ ነገ ለውጭ ጠበቃ ከሚከፈለው ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው፡፡

አሸተን ደጃፍ ላይ ልጅቱ ለልምምድ ብላ ለመስቀሉ ገዥ መሟገት ስትጀምር ቄሱ ደንግጠው፣ ‹‹ልጄ፣ አንቺ የማን ወገን ነሽ?›› አሏት፡፡

‹‹የእርስዎ ነኝ አባቴ፤ እነሱ የሚሉትን አስቀድሜ ልወቀው ብዬ ነው፡፡››