ክዳኑን ማን ይክፈተው? የመጫወቻ ሳጥን አጭር ታሪክ

ሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ሳለሁ ለእህቴ ልጅ የመጫወቻ ሳጥን ሠራሁለት። ያኔ መጫወቻዎቹ የሚያድሩት ማዳበሪያ ውስጥ ነበር። ማታ ማታ ሁሉም እየተለቀመ እዚያ ይገባል፤ ጠዋት ደግሞ ማዳበሪያው ሳሎን መሐል ይገለበጣል። "የተማረ አጎት እያለው!" ብዬ ተነሳሁ። 18 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ ገዛሁ፣ 80 በ40 ሴንቲሜትር የሆነ ክዳን በሁለት ማጠፊያ ገጠምኩ፣ ሰማያዊ ቀለም ቀባሁት። ቤተሰቡ በሙሉ አደነቀኝ።

በሳምንቱ ክዳኑ ወደቀ። ልጁ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። መኪናውን ሳጥኑ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ሌላ መጫወቻ ሊያመጣ ዞር ሲል፣ ጓ! የፕላስቲክ መኪናዋ ለሁለት ተሰነጠቀች። ልጁ ምንም አልሆነም። እኔን ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከጥቂት ሰከንዶች በፊት ጠርዙ ላይ ደገፍ ብሎ የነበረው ልጁ ራሱ ነበርና።

የመጫወቻ ማስቀመጫን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ተራ የቤት ዕቃ ይመስላል አይደል? ከሥሩ ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ መጫወቻው የልጁ ከሆነ፣ ማስቀመጫውን የሚከፍተው ማነው? እስቲ ለዚህ ጥያቄ ሰዎች በተለያየ ዘመን የሰጡትን መልስ አብረን እንይ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳጥኑ ራሱ ጨዋታ ሲሆን

መጀመሪያ ወደ ጀርመን እንሂድ። ፍሪድሪክ ፍሮበል (1782–1852) በበርሊን ከማዕድን ተመራማሪው ክርስቲያን ሳሙኤል ቫይስ ጋር ሠርቷል። ሥራው ከክሪስታሎች ጋር ነበር፤ የተፈጥሮን ቅርጽ በጠርዝና በማዕዘን ማየት የለመደ ሰው ነው። በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ የሕፃናት ተቋም ከፈተ፤ በ1840 ደግሞ "ኪንደርጋርተን" የሚለውን ስም አወጣለት፤ የልጆች የአትክልት ቦታ ማለት ነው።

ፍሮበል ለልጆች ያዘጋጃቸውን መጫወቻዎች "ስጦታዎች" ይላቸው ነበር። ሦስተኛው ስጦታ ተንሸራታች ክዳን ያላት ትንሽ የእንጨት ሳጥን ናት። ውስጧ 8 እኩል ኩቦች አሉ፤ ሲገጣጠሙ 2 በ2 በ2 የሆነ አንድ ትልቅ ኩብ ይሠራሉ። አከፋፈቷ ሥርዓት አለው። ሳጥኗ ተገልብጣ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች፣ ክዳኗ ከሥር ተስቦ ይወጣል፣ ከዚያ ሳጥኗ ቀስ ተብላ ወደ ላይ ትነሳለች። ኩቡ ሳይበታተን እንዳለ ይቀራል። ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ ልጁ 8ቱን መልሶ አንድ ኩብ ያደርጋቸዋል፣ ሳጥኗን ይደፋባቸዋል፣ ክዳኑን ያንሸራትታል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። በዚህ አሠራር መጫወቻን መሰብሰብ የጨዋታው የመጨረሻ እርምጃ ነው፤ ልጁ ሳያውቀው ጂኦሜትሪ እየሠራ ነው። አንድ ኩብ ከጎደለ ማንም ሳይነግረው ክፍተቱን ያየዋል። ክዳኑም ማጠፊያ የለውም፤ ወደ ጎን የሚንሸራተት ክዳን እጅ ላይ አይወድቅም። የኔ ሰማያዊ ሳጥን ከ170 ዓመት በላይ ዘግይቶ ተሠርቶ ይሄን እንኳ አላወቀም።

ቁልፉ የተረሳበት ቀን

ፍሮበል ሳጥኑን ለልጅ እጅ እንዲመች አደረገው። ሳጥኑን መቼ መክፈት እንደሚቻል የሚወስነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ሰው ነበር። ይሄ ለኛም እንግዳ ነገር አይደለም። ከውጭ ዘመድ የላከው አሻንጉሊት ቁም ሳጥን አናት ላይ እስከነላስቲኩ ተቀምጦ፣ ልጁ ከታች አንጋጦ የሚያይባቸው ቤቶች ስንት ናቸው? "ይሰበራል፣ እንግዳ ሲመጣ እናወርደዋለን" ይባላል።

ሮም ውስጥ ይሄን ልማድ የቀየረው አንድ መርሳት ነው። ሐኪሟ ማሪያ ሞንቴሶሪ ሳን ሎሬንዞ በሚባለው የድሆች ሰፈር ጃንዋሪ 6 ቀን 1907 "የልጆች ቤት" የተባለ ተቋም ከፈተች። የመማሪያና የመጫወቻ ዕቃዎቹ የሚቀመጡት በሚቆለፍ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር፤ እያወጣች የምታድለውም መምህሯ ናት። አንድ ቀን መምህሯ ሳትቆልፈው ሄደች። በማግስቱ ዘግየት ብላ ስትመጣ ልጆቹ ከፍተውታል። እያንዳንዱ የሚፈልገውን ይዞ እየወሰደ ነው።

መምህሯ ነገሩን እንደ ሌብነት አየችው፤ ልትቀጣቸውም አሰበች። ሞንቴሶሪ ግን ሌላ ነገር ታያት፦ ልጆቹ ዕቃዎቹን በደንብ ስላወቋቸው ራሳቸው መምረጥ ይችላሉ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ረጅሙ ቁም ሳጥን ቀረና በልጅ ቁመት ልክ የሆኑ ዝቅተኛ መደርደሪያዎች መጡ። ልጁ ራሱ ያነሳል፣ ራሱ ወደ ቦታው ይመልሳል።

በዚያው ዘመን ኒው ዮርክ ውስጥ ካሮላይን ፕራት የምትባል አስተማሪ ውፍረታቸው፣ ስፋታቸውና ርዝመታቸው 1፣ 2 እና 4 በሆነ ምጣኔ የተቆረጡ የእንጨት ብሎኮች አዘጋጀች፤ በ1914 ትምህርት ቤቷን ከፈተች። እነዚህ ብሎኮች ዛሬም በብዙ መዋዕለ ሕፃናት ክፍት መደርደሪያ ላይ በየመጠናቸው ይደረደራሉ። ሁለት ትንንሾች የአንድ ትልቅ ርዝመት እንደሚሞሉ ልጁ ሲመልሳቸው ያየዋል። ክፍልፋይን ያስተማረው መደርደሪያው ነው።

የክዳኑ ፊዚክስ

ታዲያ በየቤቱ ያለው ባለ ክዳን ሳጥን ለምን አልጠፋም? ምክንያቱም ለወላጅ ይመቻል። ሁሉንም ወርውሮ መክደን ነው፤ ሳሎኑ በአንድ ደቂቃ ይጸዳል። ችግሩ የሚመጣው ክዳኑ ሲወድቅ ነው። የኔን ክዳን አብረን እናስላው።

80 በ40 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ 18 ሚሊሜትር። የኮምፔርሳቶ ጥግግት በሜትር ኩብ 600 ኪሎግራም ያህል ነው ብንል፣ ክዳኑ 3.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቀጥ ብሎ ከቆመበት ሲወድቅ የፊት ጠርዙ ከነበረበት ከፍታ የሚወርደው 40 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ከ40 ሴንቲሜትር ከፍታ እንደተለቀቀ ድንጋይ ይፈጥናል ብላችሁ ትገምቱ ይሆናል። አይደለም፤ ይበልጣል! ወደ ማጠፊያው ቀረብ ያለው የክዳኑ ክፍል በዝግታ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ከፍተኛውን ፍጥነት የሚያገኘው ጠርዙ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 3ን በ9.8 ከዚያም በ0.4 አባዙና የውጤቱን ስኩዌር ሩት ውሰዱ። በሰከንድ 3.4 ሜትር ይመጣል፤ በሰዓት 12 ኪሎሜትር ገደማ ማለት ነው። ከ60 ሴንቲሜትር ከፍታ ከሚወድቅ ድንጋይ ፍጥነት ጋር እኩል ነው።

ከታች ያለው ደግሞ ሹል የሳጥን ጠርዝ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ መጫወቻ ለማውጣት ሲጎነበስ አንገቱ የሚያርፈው በትክክል እዚያ ላይ ነው። ክዳኑ ከወደቀበት መልሶ ለማንሳት ጉልበቱ አይበቃም፤ አንገቱ ታፍኖ ስለሚያዝ መጮህም ላይችል ይችላል።

ሕጉ ከአደጋ በኋላ መጣ

ይሄ ስጋት የወረቀት ላይ ስሌት ብቻ አይደለም። በ1972 በወጣው ሕግ የተቋቋመው የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን የመጫወቻ ሳጥን ክዳን ወድቆባቸው የሞቱ ሕፃናትን ሪፖርት ተቀብሏል፤ አብዛኞቹ ከሁለት ዓመት በታች ነበሩ። ከዚህ የመጣው የደህንነት መስፈርት ለመሐንዲስ የሚጥም ነው፦ ክዳኑን ከተዘጋበት እስከ 60 ዲግሪ ባለው በየትኛውም ማዕዘን ላይ ብትለቁት በራሱ ክብደት ከ12 ሚሊሜትር በላይ መውረድ የለበትም፤ ከመዘጋቱ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ 5 ሴንቲሜትር ብቻ ናት ከዚህ ነፃ። የሚደግፈው መሣሪያም 7,000 ጊዜ ተከፍቶና ተዘግቶ መፈተን አለበት።

ሁለተኛው አደጋ ሳጥን ውስጥ ገብቶ መታፈን ነው። ድብብቆሽ የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጥሩ መደበቂያ ይመስላል። አሜሪካ በ1956 ማቀዝቀዣዎች ከውስጥ መከፈት አለባቸው የሚል ሕግ ያወጣችው ልጆች እየገቡ ስለሞቱ ነው። የዛሬ ማቀዝቀዣ በር በመቆለፊያ ፈንታ በማግኔት የሚዘጋውም ከዚሁ የተነሳ ነው። በ1996 ደግሞ ሲዘጉ ራሳቸውን የሚቆልፉ 12 ሚሊዮን የእንጨት ሳጥኖች ቁልፋቸው እንዲቀየር ጥሪ ተደረገ። ሳጥኖቹ የልብስ ነበሩ፤ ልጆች ግን ገብተውባቸዋል።

ክፍት መደርደሪያስ?

እንግዲህ ክዳኑን ካስወገድን ችግሩ አለቀ ማለት ነው? አላለቀም። መደርደሪያ ደግሞ ይገለበጣል። 30 ሴንቲሜትር ጥልቀትና 20 ኪሎ ክብደት ያለው መደርደሪያ አስቡ። የክብደቱ መሐል ከፊት ጠርዙ 15 ሴንቲሜትር ይርቃል፤ 20 ሲባዛ በ0.15፣ 3 ይሆናል። 15 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ተንጠልጥሎ ክብደቱ ከፊት ጠርዙ 25 ሴንቲሜትር ቢወጣ 15 ሲባዛ በ0.25፣ 3.75 ይሆናል። ልጁ አሸነፈ፤ መደርደሪያው በላዩ ላይ ይመጣል። በአሜሪካ የልብስ ማስቀመጫዎች እንዳይገለበጡ የሚያስገድድ ሕግ የወጣው በ2022 መጨረሻ ነው፤ ትናንት ማለት ነው።

ስለዚህ ግድግዳ ላይ እሰሩት። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ በፊሸርና በብሎን ይያዛል። የጭቃ ቤት ከሆነ ጭቃው ብሎን አይዝም፤ ውስጡ ያለውን እንጨት ፈልጉና እሱ ላይ ምቱ።

ከፍታውንም አስቡ። የ3 ዓመት ልጅ ቁመት በአማካይ 95 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ የላይኛው ደርብ ከ70 ሴንቲሜትር ባይበልጥ መውጣት አያስፈልገውም። ልጅ ቁም ሳጥን ላይ የሚንጠላጠለው ስለባለገ አይደለም፤ የሚፈልገው ነገር ከላይ ስለተቀመጠ ነው።

መጨረሻ ላይ ብዛቱ አለ። በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ባሳተሙት ጥናት 36 ሕፃናት አንድ ጊዜ በ4፣ ሌላ ጊዜ በ16 መጫወቻ እንዲጫወቱ ተደረገ። 4 ብቻ ሲሰጣቸው በአንዱ መጫወቻ ረዘም ላለ ጊዜ፣ በብዙ ዓይነት መንገድ ተጫወቱ። ስለዚህ ሁሉም መደርደሪያው ላይ መውጣት የለበትም። ጥቂቱ ይውጣ፣ የቀረው ይረፍ፣ በየሳምንቱ ይቀያየር።

የኔ ሰማያዊ ሳጥንስ? ክዳኑን ነቀልኩት። ሳጥኑን በጎኑ አጋደምኩት፣ ክዳኑን ውስጡ አግድም አስገብቼ መሐል ደርብ አደረግሁት፣ ሁሉንም ግድግዳው ላይ አሰርኩ። በየቦታው የመኪና፣ የኳስና የብሎክ ሥዕል ለጠፍኩ። ተራቸው ያልደረሰ መጫወቻዎች የሚያርፉት ደግሞ የት መሰላችሁ? እዚያው ያቺ ማዳበሪያ ውስጥ! እህቴ እስካሁን ትስቅብኛለች።

ቤታችሁ ትንሽ ልጅ ካለ ዛሬ ማታ ሜትር ያዙና መሬት ላይ ተንበርከኩ፤ ዓይናችሁ የሱ ቁመት ላይ ይሁን። የሚፈልገው መጫወቻ የት ነው? እጁ ይደርሳል? ሲያወጣው በላዩ ላይ ሊወድቅ የሚችል ነገር አለ? ካለ መፍቻውን አምጡ።