ዲኤምኤን-ትሬ

ዲኤምኤን-ትሬ በሕይወት ያለውን የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ ለማየት የሚያስችል የመመርመሪያ ሞለኪውል ነው። የተሠራው ትሬሃሎዝ የተባለውን ስኳር ከፍሎረሰንት ቀለም ጋር በማጣመር ነው። ትውልደ ቡሩንዲ የሆኑት ተመራማሪ ሚሬይ ካማሪዛ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ በካሮሊን በርቶዚ ቤተ ሙከራ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። በርቶዚ እ.ኤ.አ. በ2022 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት ሦስት ሳይንቲስቶች አንዷ ናቸው።

አሠራር
ትሬሃሎዝ ከሁለት ግሉኮስ የተሠራ ስኳር ነው። የሰው አካል አያመርተውም፤ የቲቢ ባክቴሪያ ግን ሰም መሰል የውጭ ሽፋኑን ይገነባበታል። ባክቴሪያው ቀለም የተያያዘበትን ትሬሃሎዝ ከራሱ ስኳር ሳይለይ፣ አንቲጅን 85 በተባሉት ኢንዛይሞች አማካይነት ሽፋኑ ውስጥ ያስገባዋል። ቀለሙ ውሃ ውስጥ ደብዛዛ ነው፤ ቅባታማው ሽፋን ውስጥ ሲገባ ግን ብርሃኑ ከ700 እጥፍ በላይ ይጨምራል። በመሆኑም ትርፍ ቀለም ማጠብ አያስፈልግም። ሞለኪውሉ ከደቡብ አፍሪካ ታማሚዎች በተወሰደ አክታ ላይ ተሞክሮ ባክቴሪያውን አሳይቷል።

ከነባሩ ምርመራ ጋር ሲነጻጸር
በዚል-ኔልሰን ዘዴ ባለሙያው ስላይድ ላይ የተቀባውን አክታ በካርቦል ፉክሲን ሸፍኖ በእሳት ያሞቃል፣ በአሲድ አልኮል ያጥባል፣ ከዚያም ሜቲሊን ብሉ ያፈስበታል። ባክቴሪያው በሰማያዊ መደብ ላይ እንደ ቀይ ዘንግ ይታያል። ለዚህ ግን በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 የሚደርስ ባክቴሪያ መገኘት አለበት። ይህ ዘዴም ሆነ ኦራሚን የተባለው ፍሎረሰንት ቀለም የሞተውን ከሕያው አይለዩም። ባክቴሪያውን በቤተ ሙከራ የሚያሳድገው የካልቸር ምርመራ ይለያል፤ ውጤቱ ግን ሳምንታት ይወስዳል። ዲኤምኤን-ትሬን የሚቀበለው ሕያው ባክቴሪያ ብቻ ስለሆነ፣ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን ቶሎ ለማወቅ ተስፋ ተጥሎበታል።

ለኢትዮጵያ ያለው ፋይዳ
የዓለም ጤና ድርጅት ኢትዮጵያን ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች ተርታ ይመድባታል። መደበኛው ሕክምና ስድስት ወር የሚወስድ በመሆኑ ክትትሉ ከባድ ነው። ለምሳሌ በድሬዳዋ፣ ከተማዋ የባቡርና የንግድ መተላለፊያ በመሆኗ፣ ሕክምና ጀምሮ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድ ታማሚ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው በአንድ ቀጠሮ የሚደርስ ውጤት ትልቅ ዋጋ አለው።

ውስንነትና ሕክምና
ሞለኪውሉን የቲቢ ባክቴሪያ ዘመዶችም ስለሚቀበሉት ብቻውን በሽታውን አያረጋግጥም። መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያንም ጂን ኤክስፐርት እንደተባለው ምርመራ በዘረ መል አይለይም። በሌላ በኩል፣ ብርሃን ሲያርፍበት ባክቴሪያን የሚገድል ንጥረ ነገር ከትሬሃሎዝ ጋር የማጣመር ሙከራ በቤተ ሙከራ ደረጃ ተካሂዷል።

ዲኤምኤን-ትሬ የጤና ጣቢያዎች መደበኛ ምርመራ አልሆነም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ አክታውን ያስመርምር፤ በመንግሥት ተቋማት የቲቢ ምርመራና መድኃኒት በነፃ ይሰጣል።